የክረምት ረኃብና ጥቂት ገንዘብ

በሰኔ ወር መጨረሻ የትምህርት ቤቱ ደወል ለዓመቱ የመጨረሻ ጊዜ ሲደወል ተማሪው እየዘለለ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ያለፈው ካርዱን ከፍ አድርጎ ይዞ፣ የወደቀውም ካርዱን በደረቱ ሸሽጎ ይገባል። በዚያው ቀን በግቢው ጓሮ፣ ጭስ ባጠቆረው ማድ ቤት ውስጥ፣ አንዲት እናት ትልቁን ድስት አጥባ በአፉ ትደፋዋለች። ይህን ሁለተኛውን ነገር የሚያስተውል ሰው ጥቂት ነው። ድስቱ ተመልሶ የሚጣደው በመስከረም ነው። በመካከሉ ሐምሌና ነሐሴ፣ ጳጉሜንም ጭምር፣ ያ ልጅ በትምህርት ቤት ያገኘው የነበረው ምሳ የለም።

የዛሬው ጽሑፌ ስለ እነዚያ ወራት ነው። ስለ እነርሱም ስናገር ትንሽ የሚመስል አንድ ጉዳይ ማንሣቴ አይቀርም፤ ይኸውም ወጣቶች ራሳቸው አስበው የሕፃናትን ረኃብ ለመከላከል ለሚጀምሩት ሥራ የሚሰጠው አነስተኛ የርዳታ ገንዘብ ነው። እንዲህ ያለው ገንዘብ ከሌላው ጊዜ ሁሉ ይልቅ የሚጠቅመው በክረምት ነው ብዬ አምናለሁ። እኔ ያየሁት አሰጣጥ ግን ክረምቱ ካለፈ በኋላ የሚደርስ ነበር።

ምናልባት አንባቢ «ልጁ ወደ እናቱ ቤት ሄደ፤ እናቱ ታበላዋለች» ይል ይሆናል። ነገሩ እንደዚህ ቀላል ቢሆን ኖሮ ባልጻፍሁም ነበር። በመኸር በሚተዳደረው ደጋው አገራችን እህል የሚታጨደውና የሚወቃው በኅዳርና በታኅሣሥ፣ ቢዘገይም በጥር ነው። ከዚያ ወዲያ ገበሬው ከጎተራው እየቀነሰ ይበላል፤ ዕዳ ይከፍላል፤ ለልጆቹ ልብስ ይሸጣል፤ በሰኔና በሐምሌ ደግሞ የቀረውን መርጦ ዘር ያደርገዋል። ስለዚህ ጎተራው የሚጠረገው፣ ገበያው የሚወደደው፣ የአባትና የእናት ጉልበት በእርሻና በአረም የሚያልቀው በአንድ ወቅት ነው። ወንዙም የሚደፈርሰው በዚያው ወቅት ነውና ሕፃናት ሆዳቸው ይታወካል፤ ተቅማጥ የያዘው ልጅ ያገኛትን ጥቂት ምግብ እንኳ ሰውነቱ አይጠቀምባትም። በልግ አብቃይ በሆነው አገርና በአርብቶ አደሩ ወገናችን ዘንድ የችግሩ ወር ሌላ መሆኑን አውቃለሁ፤ እርሱ ራሱን የቻለ ጽሑፍ የሚያሻው ነው።

እንግዲህ ልብ በሉ፤ ልጁ ምግብ አብዝቶ በሚያስፈልገው ጊዜ የትምህርት ቤቱ ድስት ተደፍቷል። ይህን የማነሣው ድስቱን ለመንቀፍ አይደለም። የዓለም የምግብ ፕሮግራም በ1986 ዓ.ም. የትምህርት ቤት ምገባን በአገራችን ከጀመረ ወዲህ ብዙ ልጅ ከትምህርት ገበታው ሳይቀር አድጓል። በአዲስ አበባም የእናት ወግ የተባለው በጎ አድራጎት ማኅበር ጀምሮት የነበረውን ሥራ የከተማው አስተዳደር በ2011 ዓ.ም. ተረክቦ አስፋፍቶታል፤ ዛሬ በመቶ ሺህ የሚቆጠሩ ተማሪዎች ቁርስና ምሳ ይበሉበታል፤ በሺህ የሚቆጠሩ እናቶችም እንጀራቸውን ያገኙበታል። ታናሽ እኅቴ ባስተማረችበት አንድ ትምህርት ቤት ውስጥ ከምገባው በፊት በሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ራሳቸውን በጠረጴዛ ላይ የሚጥሉ ልጆች እንደ ነበሩ፣ ከዚያ በኋላ ግን እንደማታይ ነግራኛለች። እኔ የምለው ይህ ታላቅ ሥራ በትምህርት ቀን መቁጠሪያ የታጠረ ነው፤ ሆድ ግን የትምህርት ቀን መቁጠሪያ የለውም ነው።

በአገር ደረጃ ያለውን መለኪያ ብናይ እውነተኛ መሻሻል አለ። ከአምስት ዓመት በታች ካሉት ሕፃናት ውስጥ በምግብ እጥረት ምክንያት ቁመታቸው የቀነጨረው በ1992 ዓ.ም. ከመቶ 58 ነበሩ፤ በ2011 ዓ.ም. በተደረገው ጥናት ወደ 37 ወርደዋል። በሐምሌ 2007 ዓ.ም. በወጣው የሰቆጣ ቃል ኪዳንም መንግሥት ከሁለት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት መቀንጨር እስከ 2022 ዓ.ም. ድረስ እንዲያበቃ ቃል ገብቷል። ቀኑ ሩቅ አይደለም። በሌላ በኩል ደግሞ ለብዙ ዘመን የእህል ርዳታ ሲያቀርብ የኖረው የአሜሪካ መንግሥት የልማት ተራድኦ ድርጅት በ2017 ዓ.ም. ሰኔ ወር ተዘግቷል። ከውጭ የሚመጣው ቢቀንስ ከውስጥ የሚገኘውን ጥቂቱን በወቅቱና በቦታው ማዋል ግድ ይሆናል።

በትምህርት መዝጊያ ወራት ልጆች የሚራቡት በእኛ አገር ብቻ አይደለም። በአሜሪካ የትምህርት ቤት ምሳ በሕግ የተደነገገው እ.ኤ.አ. በ1946 ነበር። ነገር ግን በጋ ሲገባና ትምህርት ቤት ሲዘጋ ያው ልጅ ምሳ እንደሚያጣ አስተውለው እ.ኤ.አ. በ1968 ለዕረፍቱ ወራት የሚሆን ምገባ በሙከራ ጀመሩ፤ በ1975ም ራሱን የቻለ ፕሮግራም አደረጉት። ይህም አልበቃ ብሎ ከ2024 ወዲህ ለዕረፍቱ ወራት ለአንድ ችግረኛ ልጅ በወር 40 ዶላር ለምግብ ብቻ የሚውል ገንዘብ ለቤተ ሰቡ መስጠት ጀምረዋል፤ ምንም እንኳ አንዳንዶቹ ክፍላተ ግዛት አንቀበልም ቢሉ። ያን ያህል ሀብት ያለው አገር ቀዳዳውን ለመድፈን ይህን ያህል ዘመን ከፈጀበት እኛ ገና መሆናችን አያሳፍረንም። የሚያሳፍረን ቀዳዳውን አለማየታችን ነው።

በዚያው አገር ዩዝ ሰርቪስ አሜሪካ የተባለው ማኅበር፣ የትምህርት ቤት ምግብ ቤቶችን በማስተዳደር ከሚነግደው ከሶዴክሶ ኩባንያ የርዳታ ድርጅት ጋር ሆኖ፣ የሕፃናትን ረኃብ ለሚከላከሉ ወጣቶች አነስተኛ ገንዘብ ሲሰጥ ቆይቶ ነበር። የገንዘቡ መጠን እስከ 500 ዶላር ሲሆን ማመልከት የሚችሉትም ከ5 እስከ 25 ዓመት ዕድሜ ያላቸው ነበሩ። የአምስት ዓመት ልጅ ገንዘብ ሊያስተዳድር ነውን? ብሎ የሚስቅ ይኖር ይሆናል፤ እኔም መጀመሪያ ስሰማው ሳቅሁ። ምግብ ሻጭ ኩባንያ ረኃብን እዋጋለሁ ሲልም ስሙን እያስተዋወቀ መሆኑ የታወቀ ነው። ሆኖም በነገሩ ውስጥ አንድ ብልኀት አለ፤ ገንዘቡ ትንሽ ስለሆነ ቢጠፋ አገር አይፈርስም፤ ስለዚህም ሰጪው ደፍሮ ለማይታወቅ ሰው ሊሰጠው ይችላል።

ጥቂት ገንዘብ ስል ብድር ማለቴ አለመሆኑንም ልግለጽ። በ2009 ዓ.ም. መንግሥት 10 ቢሊዮን ብር መድቦ የወጣቶች ተዘዋዋሪ ፈንድ አቋቁሟል። ያ ለሚነግድና ለሚያመርት ወጣት የተሰጠ ብድር ነው፤ አጀማመሩም ተመላልሶ እንዲሠራ ታስቦ ነው። ገንፎ የበላ ሕፃን ግን ወለድ አይከፍልምና ለእርሱ የሚሆነው ሌላ ዐይነት ገንዘብ ነው።

አሁን የራሴን ነገር ልናገር።

በ2014 ዓ.ም. የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ሳለሁ እኔና አራት ጓደኞቼ፣ ሁላችንም በአርሲ ደጋ በአንዲት ትንሽ የወረዳ ከተማ ያደግን፣ አንድ ማስታወቂያ አየን። የሕፃናትን ረኃብ ለመከላከል ለሚነሡ ወጣቶች አነስተኛ ድጋፍ ይሰጣል የሚል ነበር። የሰጪውን ድርጅት ስም አላነሣም፤ ሰዎቹ ክፉዎች አልነበሩምና። በመጋቢት ወር አመለከትን። የማመልከቻው ቅጽ 14 ገጽ ነበር። የማኅበራችሁን የአደረጃጀት ሥዕል አያይዙ፣ የሦስት ዓመት የኦዲት ውጤት አቅርቡ፣ ሥራው ካለቀ በኋላ የምትወጡበትን ስልት ግለጹ ይላል። እኛ በአንድ ሰፈር ኳስ ስንጫወት ያደግን አምስት ልጆች ነን፤ የምን ኦዲት? ከመካከላችን ሒሳብ አያያዝ የሚማረው ሦስት ሌሊት ተቀምጦ ሞላው። የአደረጃጀቱን ሥዕል ስንሥል ለአምስት ሰው ሰባት ሹመት ስለ ወጣ ሁለታችን ድርብ ሹም ሆንን።

በሰኔ 25 ሺህ ብር ተፈቅዶላችኋል የሚል ደብዳቤ ደረሰን። ደስታችን ወሰን አልነበረውም። ነገር ግን ገንዘቡ የሚለቀቀው በማኅበሩ ስም የተከፈተ የባንክ ሒሳብ ሲቀርብ ነው፤ ባንኩ የማኅበሩን ፈቃድ ይጠይቃል፤ ፈቃድ የሚሰጠው ቢሮ ደግሞ የሚሠራበትን ገንዘብ አሳዩ ይላል። በዚህ ዙሪያ ስንመላለስ ሰኔ አለቀና ሁላችንም ወደ አገራችን ገባን። ደብዳቤው በኪሴ ነበር፤ ዝናቡ ጀምሯል።

ያን ጊዜ ነው የሰፈራችን ዕድር ዳኛ፣ አባባ የምንላቸው ሽማግሌ፣ «ደብዳቤው ይበስላል ወይ?» ብለው የጠየቁን። ዕድሩ ለለቅሶ የሚያገለግሉ አራት ትላልቅ ድስቶች፣ ሸራና አግዳሚ ወንበሮች አሉት። ሁሉንም ለቅዳሜ ለቅዳሜ አዋሱን፤ ለቅሶ የወደቀ እንደ ሆነ ግን ድስቱን ወዲያው እንድንመልስ አስማሉን። ባለ ወፍጮው የሚፈጨውን በነፃ እፈጫለሁ አለ። እኛም በየቤቱ እየዞርን ከእያንዳንዱ ደጃፍ አንዳንድ ጣሳ እህል ለመንን። ያለው ገብስ ሰጠ፤ ባቄላ የሰጠም አለ፤ ምንም የሌላቸው አንዲት ባልቴት አንድ ቀን መጥተው እንጨት ፈለጡልን።

የመጀመሪያው ቅዳሜ 41 ልጆች መጡ። ለመጠጣት የሚሆን ቀጭን አጥሚት አፍልተን በየኩባያው አደልን፤ ሁሉም ጠግበው ሲስቁ አይተን ታላቅ ሥራ የሠራን መሰለን። በዚያ ቀን የቀበሌያችን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ እግረ መንገዷን ጎራ ብላ ነበር። በ1995 ዓ.ም. በተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ውስጥ እንደርሷ ያሉት ሴቶች በየቀበሌው የሚሠሩትን ሥራ የማያውቅ አገሩን አያውቅም። እትዬ ብለን ነው የምንጠራት። ከድስቱ በጭልፋ ቀዳች፤ ወደ መሬት አንጠባጠበችው፤ «ይህ እኮ ውሃ ነው ልጆቼ» አለች። «ከማንኪያ የማይፈስ ይሁን። ሦስት እጅ እህል ከሆነ አንድ እጅ ጥራጥሬ ጨምሩበት፤ ዘይትም ጠብ አድርጉበት። አለዚያ ሆዱን ነፍታችሁ ትሰዱታላችሁ እንጂ አላበላችሁትም።» ከዚያ ቀን ወዲያ ወፍራም ገንፎ ሆነ። ባቄላውን ሳንቆላ አስፈጭተን የብዙ ልጅ ሆድ ያስጮህንበትንና የዕድሩ ሴቶች በእኛ ላይ የሳቁበትን ሁለተኛውን ቅዳሜ ግን ብተወው እመርጣለሁ።

ዋናው ትምህርት የመጣው በሦስተኛው ሳምንት ነው። እኛ ያሰብነው ተማሪዎችን ነበር፤ ከሰባት እስከ ዐሥራ ሁለት ዓመት ያሉትን። ልጃገረዶቹ ግን ብቻቸውን አልመጡም፤ ታናናሾቻቸውን በጀርባቸው አዝለው መጡ። የጤና ሠራተኛዋ ባለ ሦስት ቀለሟን የክንድ መለኪያ ጥብጣብ አወጣችና የታዘሉትን አንድ በአንድ ለካች። ከስድስት ወር እስከ አምስት ዓመት ላለ ሕፃን የላይኛው ክንድ ዙሪያ 12 ሴንቲ ሜትር ተኩል ከሞላ አረንጓዴ ነው፤ ከ11 ሴንቲ ሜትር ተኩል በታች ከሆነ ቀይ፤ በመካከሉ ያለው ቢጫ። ቀዩ ልጅ በጤና ኬላ የሚሰጥ መድኃኒት ምግብ አለው። በእኛ ወረዳ ግን ቢጫው የሚሰጠው ምክር ብቻ ነበር፤ እናቱም «ወተትና እንቁላል ስጪው» የሚል ምክር ይዛ ወደ ባዶ ቤቷ ትመለሳለች። በዚያ ቀን ሦስት ቢጫዎች ተገኙ። ሦስቱም ታላቆቻቸው በትምህርት ዘመን በምገባ ከሚበሉት ቤቶች ነበሩ። ለካ የትምህርት ቤቱ ምሳ በበጋ የሚያድነው የሚበላውን ልጅ ብቻ አልነበረም፤ ያ ልጅ ጠግቦ ሲመጣ ከማታው ራት ለታናሹ የሚተርፍለት ነገር ነበረ። ድስቱ ሲደፋ የመጀመሪያው ተጐጂ ስሙ በትምህርት ቤት መዝገብ ያልገባው ነው። ይህን ከየትኛውም የማመልከቻ ቅጽ ላይ አላነበብሁትም።

ለሦስቱ ገንፎው በየቀኑ እንዲደርሳቸው አደረግን። በነሐሴ አጋማሽ ልጆቹ ወደ መቶ ተጠጉ። የሰው ጎተራም በእኛ ልመና ላይ ክረምቱ ተጨምሮበት ተሟጠጠ፤ ነሐሴ 21 ቀን የመጨረሻውን ዱቄት በተንን። ከዚያ በኋላ ያሉትን ሁለት ሳምንታት፣ እስከ እንቍጣጣሽ፣ ምንም አልነበረንም። ጳጉሜን 3 ቀን ከሦስቱ ቢጫዎች አንዷ ቀይ ገባች። ወደ ጤና ጣቢያ ተወሰደች፤ እግዚአብሔር ይመስገን ዳነች። ዛሬ እየሮጠች ትጫወታለች። ነገር ግን ያችን ጥብጣብ በክንዷ ላይ ስትጠብቅ አይቻለሁና ስለዚያ 25 ሺህ ብር በረጋ መንፈስ መናገር ያቅተኛል።

ገንዘቡ መስከረም 24 ቀን ደረሰ። ከእንኳን ደስ ያላችሁ ደብዳቤ ጋር በሠላሳ ቀን ውስጥ ወጪው በሕጋዊ ደረሰኝ እንዲወራረድ የሚል ትእዛዝ ነበረበት። በማክሰኞ ገበያ ገብስ የምትሸጥ ገበሬ ደረሰኝ የላትም። ደረሰኝ ካለው ነጋዴ ብንገዛ ዋጋው ይወደዳል። ከሁሉ ይልቅ የከበደን ግን ሕፃናቱ የሰጪው ስም በተጻፈበት ጨርቅ ፊት ሆነው ሲበሉ የተነሡት ፎቶግራፍ እንዲላክ መታዘዙ ነው። አገራችን ሰው ሲበላ ትኩር ብሎ ማየት ነውር የሆነበት አገር ነው። እኛም ተመካክረን እህሉን ከደረሰኝ ነጋዴ ገዛን፤ አምስት ኩንታል ተኩል ሆነ፤ በዕድሩ መጋዘን ለመጪው ክረምት አስቀመጥነው። ይህንኑ በግልጽ ጻፍን። ሪፖርታቸውን ያላሟሉ ተብለን ተመዘገብን፤ በሁለተኛው ዓመት ስናመለክት በዚሁ ምክንያት ተመለስን። ያ እህል ግን በ2015 ዓ.ም. ክረምት ከሐምሌ መጀመሪያ እስከ ጳጉሜን ሳይቋረጥ አበላ።

ይህን ታሪክ የነገርሁት ራሴን ለማመስገን አይደለም፤ እኔ አጥሚት ያፈላሁ ሰው ነኝ። በየቢሮው ያላችሁ ወጣት ሹማምንት እንድታስቡበት ነው። ከእናንተ መካከል የወጣቶችን ጉዳይ የያዛችሁ፣ የድርጅት የበጎ አድራጎት በጀት የምታዘጋጁ፣ የዩኒቨርሲቲ የማኅበረ ሰብ አገልግሎት የምትመሩ አላችሁ። ማኅተሙ በእጃችሁ ነው። ለክረምት የሚሆን ገንዘብ በሚያዝያ ቢወሰን፣ በሰኔ መጀመሪያ ቢደርስ፣ ማመልከቻው ሁለት ገጽ ቢሆን ምን ይጐድላል? ገንዘቡ ይሰረቅ ይሆናል የሚለውን ስጋት አልንቀውም፤ የሚሰርቅ ወጣት አለ። ነገር ግን የዕድር ዳኛ፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛና የትምህርት ቤት ርእሰ መምህር ሦስቱ ፈርመው የተቀበሉትን እህል ማን ይሰርቀዋል? የዕድር ቃለ ጉባኤ ከብዙ ኦዲት የጠበቀ ነው። ዕድርተኛው አንድ ማንኪያ ቢጠፋ ዓመት ሙሉ ያነሣዋል።

ሰውም አለ። በየክረምቱ ተማሪው ለበጎ ፈቃድ አገልግሎት ይጠራል፤ ችግኝ ይተክላል፤ የአረጋውያንን ቤት ያድሳል፤ ደም ይለግሳል። ይህ ሁሉ መልካም ነው። ወደ ኋላም ብንመለከት ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከመመረቃቸው በፊት አንድ ዓመት በየጠቅላይ ግዛቱ ያገለግሉ ነበር፤ አብዛኞቹም አስተማሩ። እኔ ዛሬ አንድ ዓመት ስጡ አልልም። ነገር ግን ድስቱ በሚደፋበት ሳምንት የዩኒቨርሲቲው ተማሪ ወደ ትውልድ ቦታው ይገባል። ይህን መገጣጠም ማንም አላቀደውም፤ እንዲያው የተገኘ ነው። ረኃቡና ወጣቱ በአንድ አውቶቡስ የሚደርሱ ያህል ነው።

አንድ ጓደኛዬ፣ ኢኮኖሚክስ የተማረና ከእኔ የበለጠ የሚያነብ፣ ይህን ጽሑፍ አይቶ ተቃወመኝ። «ረኃብ የመሬት፣ የዋጋና የሰላም ጉዳይ ነው፤ እናንተ በጣሳ እህል መንግሥት ሊሠራው የሚገባውን ትሸፍኑለታላችሁ» አለኝ። በከፊል እውነት አለው። በጣሳ የተለመነ እህል የአገር ረኃብን አያጠፋም፤ ሰላም በጠፋበት ቦታ ደግሞ ጣሳውም አይዞርም። ነገር ግን ታሪክ እንደሚያሳየን የወጣቶች ድስት ብዙ ጊዜ ቀዳዳው የት እንዳለ ለመንግሥት ያሳያል። እ.ኤ.አ. በጥር 1969 በአሜሪካ በኦክላንድ ከተማ የብላክ ፓንተር ፓርቲ ወጣቶች በአንድ ቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ለጥቁር ሕፃናት ቁርስ ማብላት ጀመሩ፤ ሥራውም በብዙ ከተሞች ተስፋፋ። መንግሥታቸው ወጣቶቹን በጠላትነት ቢያያቸውም፣ ከ1966 ጀምሮ በሙከራ ብቻ ይዞት የነበረውን የትምህርት ቤት ቁርስ በ1975 ቋሚ አደረገው። አንዱ የሌላው ብቸኛ ምክንያት ነው አልልም። የአዲስ አበባው ምገባም ከመንግሥት በፊት በበጎ አድራጎት ማኅበር እጅ መጀመሩን ከላይ ተናግሬአለሁ።

ለእኛ ለወጣቶቹም አንድ ነገር ልበል፤ ጥሩ ሐሳብ ስናገኝ እንሰክራለን። እ.ኤ.አ. በ2017 በወጣው የኢኳዶር ጥናት ለጨቅላ ሕፃናት በቀን አንድ እንቁላል ለስድስት ወር ቢሰጥ መቀንጨር በግማሽ ገደማ እንደሚቀንስ ተነገረ። ይህን ያነበበ ወጣት ሁሉ ዶሮ ላርባ አለ። ያው ሙከራ በማላዊ ሲደገም ግን በሕፃናቱ ቁመት ላይ ለውጥ አልታየም። ማላዊዎቹ ሕፃናት አስቀድሞ ዓሣ ይመገቡ ስለ ነበር ሊሆን ይችላል ይባላል። እንቁላል መልካም ምግብ መሆኑ አልቀረም፤ ብቻ የአንዱ አገር መልስ ለሌላው አገር ጥያቄ ላይሆን ይችላል። በእኛም አገር ልጆች እንዲጾሙ ባይገደዱም በጾም ወራት እናት ዕቃዋ እንዳይነካካ ስትል ለሕፃኑ እንቁላልና ወተት የማታበስልበት ቤት ብዙ ነው፤ ፍልሰታም የምትገባው በነሐሴ መጀመሪያ ነው። ይህን የማያውቅ ሰጪ የዶሮ ገንዘብ ሰጥቶ ዶሮዎቹ ወደ ገበያ ሲሄዱ ይገረማል። የሰፈሩ ልጅ ግን ቄሱንም፣ እናቲቱንም፣ የጤና ሠራተኛዋንም ያውቃል፤ ለሕፃኑ ለብቻው ትንሽ ድስት እንዲኖር ማስማማት ይችላል። ጥቂቱ ገንዘብ በእርሱ እጅ ከብዙው ገንዘብ የሚበልጥበት ቦታ ካለ ይህ ነው።

ይህን ጽሑፍ በምጽፍበት ሳምንት እትዬ ስልክ ደወለችልኝ። ስለ ጤናዬ፣ ስለ ሥራዬ፣ ስለ ማግባቴ ጠየቀች፤ የመጨረሻውን እንደ ወትሮው ሳልመልስ አለፍሁት። ከዚያ ወደ ጉዳይዋ ገባች። የዕድሩ ዳኛ ሸራው ተቀዷልና ዝናቡ ሳይጀምር ይጠገን ብለዋል፤ ባለ ወፍጮው ልጁ ተክቶታል፤ ልጁም እንደ አባቱ እፈጫለሁ ብሏል። አምና አረንጓዴ የነበሩ ሁለት ሕፃናት ዘንድሮ ገና ሳይከርም ቢጫ ገብተዋል።

«ታዲያ ጣሳው መቼ ነው የሚዞረው?» አለችኝ።

ሰኔ 20 ቀን አልኋት። ገንዘብ ተገኝቶ እንደ ሆነ አልጠየቀችኝም።